የውርጭ አምባ የጀርባ ድንጋይ

በገና ሰሞን ወደ ውርጭ አምባ የወጣ እንግዳ ግራ ሳይጋባ አይመለስም። በየጓሮው ኮክ አለ፤ ከኮኩ ግንድ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ደግሞ ለመቀመጫ የምትሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ከገና ማግስት አንስቶ እስከ ጥምቀት ዋዜማ፣ ቅጠል ረግፎ ውርጩ በየሣሩ ላይ በሚያድርበት ሰሞን፣ የመንደሩ ሰው ኮኩን ይከረክማል። ታዲያ የሚከረክመው ባለቤቱ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው። ባለቤቱ ምን ይሠራል ቢሉ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ገደሉ፣ ጀርባውን ወደ ዛፉ አድርጎ ከድንጋይዋ ላይ ይቀመጣል። የማጭዱን ድምፅ ይሰማል እንጂ ዞሮ አያይም። ቄስም ይሁን ባለጸጋ፣ ሽማግሌም ይሁን ትናንት ጎጆ የወጣ፣ ያው ነው። ድንጋይዋን «የጀርባ ድንጋይ» ይሏታል።

በዚህ የሚስቅ አይጠፋም። በተለይ የቆላው ሰው ገበያ ላይ ሲገናኝ፣ «እናንተ ውርጭ አምቦች፣ ዘንድሮም ከዛፋችሁ ጋር ተኳረፋችሁ ወይ?» እያለ ያሾፋል። ያሹፍ። ውርጭ ነክቶት የማያውቅ፣ ኮክ በዓይኑ እንጂ በጓሮው ያላየ ሰው ምኑን ያውቀዋል?

ነገሩ የተጀመረው በወይዘሮ ትደነቂያለሽ ጊዜ ነው ይባላል። ዘመኑን ለይቶ የሚናገር የለም፤ አንዳንዱ ከክፉ ቀን በፊት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከክፉ ቀን በኋላ። ትደነቂያለሽ የአቶ ዘውገ ሚስት ነበረች። ልጅ አልወለዱም። ዘውገ ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ እጁ ግን ሥራ የማይፈታ ሰው ነበር አሉ። አንድ ጊዜ ሩቅ አገር ገዳም ሊሳለም ሄዶ፣ መነኮሳቱ ከአትክልታቸው ኮክ ቢያቀምሱት፣ በልቶ ሲያበቃ ዘሩን አልጣለውም፤ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያን ሁሉ መንገድ ይዞት መጣና ከጓሮ አጥሩ ሥር፣ የጣራው ጠብታ ከሚወርድበት ቀበረው። ሚስቱ ጠንካራውን ዘር አይታ፣ «አሁን ድንጋይ ተክለህ ምን ልትበላ ነው?» ብላ ስቃበታለች።

ድንጋይ የተባለው በቀለ። ችግኙ የሰው ቁመት ሲደርስ ዘውገ ከአሮጌ ጋቢው ቁራጭ ቀደደና አንዷን ለጋ ቅርንጫፍ ወደ ቤቱ በር ጎንበስ አድርጎ አሰራት። «ይች ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» ብትለው፣ «ከደጃፍሽ ሳትወጪ እንድትቀጥፊባት» አላት። የዚያን ዓመት ክረምት ትኩሳት ያዘውና ሞተ። ዛፏ ማፍራት የጀመረችው ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ዘውገ ከገዛ ኮኩ አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያችን ዛፍ ማን ይንካት! ትደነቂያለሽ ልብስ እንኳ አታሰጣባትም ነበር። ፍሬውን ግን አትሰስትም፤ ለመጣ ሁሉ ትሰጣለች፣ ሰዉም ዘሩን እየወሰደ በየጓሮው ይተክላል። የመንደሩ ኮክ ሁሉ የዘውገ ዘር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ኮክ የሚከረክም ሰው አልነበረም። ኮክ ሲቆረጥ ከቁስሉ ሙጫ ይወጣዋል፤ የውርጭ አምባ ሰው ደግሞ ያን ሙጫ የዛፍ እንባ ነው ብሎ ያምን ነበር። የሚያለቅስን ነገር ማን ጨክኖ ይቆርጣል? ስለዚህ ሁሉም እንዳሻው ይንሰራፋ ብሎ ተወው።

ከሁሉ የበለጠ የተንሰራፋው የትደነቂያለሽ ኮክ ነበር። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ተደራርቦ፣ ደረቁ ከእርጥቡ ተቆላልፎ፣ ወፍ የገባ እንደሆነ መውጫው ይጠፋዋል ይባል ነበር። ፍሬው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከእንኮይ በታች ሆነ፤ እሱም ቢሆን ትል የበላው ነው። ትደነቂያለሽ ታያለች፣ ግን «ዓመቱ ነው» ትላለች። በከርሞውም «ዓመቱ ነው»። ዓመቱ ነው፣ ዓመቱ ነው ስትል ስንቱ ዓመት አለፈ።

ከአጥሩ ወዲያ ዳምጤ የሚባል ጎረቤት ነበራት። ገና አዲስ ባለ ትዳር ነው፤ ሚስቱ እንኳየሁ ትባላለች። ዳምጤ ሲስቅ መንደሩን የሚያስቅ፣ ሲናደድ ግን እግዜር ያውጣችሁ የሚያሰኝ ሰው ነበር። የነጭ ሽንኩርት መደቡ ያለው አጥሩ ሥር ነው። የኮኩ ቅርንጫፍ አጥር ተሻግሮ መደቡ ላይ ተጋደመበትና ፀሐይ ከለከለው፤ የሌላው ሰው ማሳ ረፋድ ላይ ሲሞቅ የእሱ ውርጭ እስከ እኩለ ቀን ተኝቶበት ይውላል።

«እትዬ ትደነቂያለሽ፣ ስለ ማርያም ይኽን ወዲህ የመጣውን ልቁረጠው» አላት አንድ ቀን በአጥሩ ላይ። «ሽንኩርቴ አለቀ እኮ!»

«ዘውገ የተከለውን?»

«ዘውገ እኔ ጓሮ ውስጥ አልተከለም!»

«እንግዲያው ሽንኩርትህን ወዲያ አዙረው።»

«እሺ፣ ፀሐይዋንም ወዲያ አዙሪልኝና!»

ትደነቂያለሽ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። በየጊዜው እንዲህ ነበር ይላሉ፤ እሱ ይለምናል፣ በኋላም ይቆጣል፣ እሷም ትገባለች።

አንድ ታኅሣሥ ታዲያ ውርጩ በረታ። ዳምጤ ጧት ተነሥቶ መደቡን ቢያይ ሽንኩርቱ ነዶ ጥቁር ብሏል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቤት ገባ፣ መጥረቢያና ማጭድ ይዞ ወጣ፣ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለና ወደ እሱ የዞረውን ቅርንጫፍ ይጥለው ጀመር። ደረቅ አላለ፣ እርጥብ አላለ፣ ወፍራም አላለ። ከእጁ የተረፉት ማጭዱ ያልደረሰባቸው ጥቂት ቀጫጭኖች ናቸው። ዛሬ ዛሬ፣ «ዳምጤ አዋቂ ስለነበረ ነው» እያሉ ታሪኩን የሚያሳምሩ አሉ። ውሸት ነው። ዳምጤ የተናደደ ሰው ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ትደነቂያለሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዛፏ በአንድ ጎኗ ራቁቷን ቆማ አገኘቻት። ከየቁስሉ ሙጫው ጠብ ጠብ ይላል። ጩኸቷ ወንዝ ማዶ ተሰማ አሉ።

«አንተ ዳምጤ! እጅህን ይቁረጠው! ሰውዬውን ሁለተኛ ገደልክብኝ!»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከወይራው ሥር ተቀመጡና፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ወልደ ሐና፣ ዳምጤ አንዲት ጊደር ይካሳት ብለው ፈረዱ።

«ጊደር ምን ታደርግልኛለች?» አለች ትደነቂያለሽ። «ጊደር ዘውገ ትሆናለች? እኔ ጊደር አልፈልግም። ዛፌ ከሞተች እሱም ከዚህ መንደር ይውጣልኝ።»

ቤት ሠርቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ገና ጣራው በጭስ ያልጠቆረለትን ሰው ከመንደር ማስወጣት ቀላል ፍርድ አይደለም። አባ ወልደ ሐና ወደ ዳምጤ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ዳምጤ ንዴቱ በርዶለት ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔው ነኝ የቆረጥኳት» አለ። «ለፋሲካ ካላቆጠቆጠች እወጣለሁ።» ዋስ ጠርቶ ሄደ። እንኳየሁ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላም አይባባሉም፤ ሥራቸው ግን አንድ ሆነ። ትደነቂያለሽ እበትና አመድ ለውሳ እያንዳንዱን ቁስል መረገችው፣ ጧት ጧትም እየወጣች ቅርንጫፉን ትመረምራለች። ዳምጤም ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ያችኑ ቅርንጫፍ ይመረምራል። እሷ ቀና ስትል እሱ ያቀረቅራል፤ እሷ ስትገባ እሱ ይንጠራራል። አንዲትን ዛፍ ሁለት ሰው በዚያ ዓይነት ጭንቀት አይቷት አያውቅም።

አንድ ጧት ትደነቂያለሽ ስትወጣ እንኳየሁ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ከዛፏ ሥር ውሃ ስታፈስ አገኘቻት።

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ?»

እንኳየሁ ደንግጣ እንስራዋን አቀፈች። «ውሃ ነው፣ እትዬ።»

«ውሃ መሆኑንማ አየሁት። ለባልሽ ብለሽ ነው ለዛፌ?»

«ለሁለቱም ነው።»

ትደነቂያለሽ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር ይባላል፤ ግን ልጅቷ እውነቱን ስለተናገረች ቁጣው አልመጣላትም። «እንግዲያው ግንዱን አታጥለቅልቂው፣ ፈንጠር አድርገሽ አፍስሺው» ብላት ገባች። ከዚያ ወዲያ የአጥሩን ቀዳዳ ሳትደፍነው ተወችው።

ጥር አለፈ። የካቲት ሲጋመስ አንድ ጧት ትደነቂያለሽ ወጥታ ከቆመችበት ፈዝዛ ቀረች። የተቆረጠው ጎን፣ ያ የሞተ ያለችው፣ ከዚያ ከጥቂቱ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ላይ አበባ ለብሶ ቆሟል። ያልተነካው ጎን ገና እንደ ተጎሳቆለ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ዳምጤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ይዞ፣ እንደ ልጅ ሲስቅ ተሰማት። እሷ አልሳቀችም። ዛፌ ተረፈችልኝ ብላ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ከፋት። እኔ የጠበቅኋት ጎን እንዲህ ሆና፣ እሱ የጣላት ጎን እንዲህ ታብባለች? የሚል ነገር ውስጧ ገብቶ ነበርና ነው።

ሐምሌ ላይ ቁርጡ ታወቀ። በትደነቂያለሽ በኩል ያለው ፍሬ እንደ ልማዱ እንኮይ አክሎ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ የተንጠለጠለው ግን አንዱ እፍኝ ይሞላል። እንደ አገሩ ልማድ አጥር ተሻግሮ የበሰለ ፍሬ የባለ ጓሮው ነውና፣ ዳምጤ ቢበላው የሚጠይቀው አልነበረም። እሱ ግን አንዱንም ሳይገምጥ ለቅሞ በእንቅብ ሞላና ከትደነቂያለሽ ደጃፍ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ ያንቺ ነው።»

«አንተ ጓሮ የበሰለ አይደለም ወይ?»

«ዘውገ ግን እኔ ጓሮ አልተከለም» አለ። ያን ያለፈውን ክፉ ቃሉን ነበር መልሶ ያመጣው፤ አሁን ግን ድምፁ ሌላ ነው።

ትደነቂያለሽ አንዱን አነሣች፣ በእጇ መዘነችው፣ ገመጠችው። ውሃው በአገጯ ወረደ። ከዚያ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው ፊት መሆኗን ረስታ አለቀሰች።

«እንዲህ ነው ለካ ጣዕሙ! እንዲህ ሆኖ ነው ለካ ከገዳሙ የቀመሰው! ሰውዬው ይኽን ሊያበላኝ ነበር እኮ። እኔ ነኝ አቅፌ ያፈንኩት፣ ዳምጤ። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ዳምጤ እንቅቡን ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና፣ «ኧረ እኔም ለደግ ብዬ አልቆረጥኩ» አላት። ይኽ እውነት ስለነበረ ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። በማግስቱ ትደነቂያለሽ አባ ወልደ ሐና ዘንድ ሄዳ ዋሱን አወረደች።

ገና በመጣ ማግስት ወደ አጥሩ ሄደች።

«አንተ ዳምጤ! ማጭድህ ስለት አለው?»

«ለምኑ?»

«ለምኑ ይለኛል እንዴ! ቶሎ ና፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

መጣ። ትደነቂያለሽ ግን ገና የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲወድቅ እጁን ያዘችው። «ጠብቅ» አለችው። ከጓሮው ጥግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስባ አመጣች፣ ከግንዱ ፈንጠር አድርጋ አኖረችና ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ተቀመጠች። «አሁን ቁረጥ። እኔ ካየሁህ አስቆምሃለሁ።»

ቆረጠ። ውርጩ ገና ከሣሩ አልተነሣም፤ ከድንጋይዋ የሚወጣው ቅዝቃዜ አጥንቷ ድረስ ይገባል። እሷ ግን የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ዛፏን ከልቧ ታውቃታለችና የወደቀችውን ሁሉ በድምፅ ለየቻት፤ ይኽ የላይኛው ነው፣ ይች ወፍ የምትሠራባት ናት፣ ያ ደረቁ ነው። የቀረችውም አንዲቷ መሆኗን አወቀች። ዘውገ በጋቢው ቁራጭ ወደ በሩ ያሰራት ናት። ጨርቁን ቅርፊቱ ውጦት፣ ቅርንጫፏም አርጅታ ጎብጣ፣ የምታፈራው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ለመከርከም ከተባለ ከሁሉ በፊት መውደቅ የነበረባት እሷ ናት። ትደነቂያለሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ያን ድምፅ ጠበቀች። ጠበቀች። የሰማችው ግን ዳምጤ ማጭዱን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ነው።

«ዳምጤ።»

«አቤት።»

«አንዷን ረሳሃት።»

«አልረሳኋትም፣ እትዬ» አለ።

ወይዘሮ ትደነቂያለሽ ፊቷ እስኪደርቅ ከድንጋይዋ አልተነሣችም ይባላል። ዳምጤም እበቱን ከአመድ ለውሶ ቁስሉን ሁሉ መርጎ ጨረሰና በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዳምጤ በየገናው ይከረክምላት ነበር። እንኳየሁም ከዚያ ከእንቅቡ ፍሬ አንዱን ዘር ወስዳ በራሷ ጓሮ ተክላ ነበርና፣ ኮኳ አድጋ ማፍራት ጀመረች። ያችን ዳምጤ ራሱ ነው የሚከረክማት፤ ፊቱን ወደ ዛፉ አድርጎ፣ እያፏጨ። «እትዬ፣ አየሽ? እኔ ድንጋይ አያሻኝም!» እያለም በአጥሩ ላይ ያሾፍባት ነበር። እሷም «ጎበዝ!» ትለዋለች። እንኳየሁ ከዛፏ በአንዲት ዝቅ ያለች ቅርንጫፍ ላይ የወተት ቅሏን እያጠበች ትሰቅል ነበር።

አንድ ጥቅምት እንኳየሁ ታመመችና ሳትነሣ ቀረች።

ገና ሆነ። ዳምጤ በማግስቱ ማጭዱን ይዞ ከኮኩ ሥር ቆመ። ትደነቂያለሽ ያን ጊዜ አርጅታለች፤ ከደጃፏ ሆና ታየዋለች። ማጭዱን ያነሣል፣ መልሶ ያወርዳል። ዞሮ በሌላ ጎን ይሞክራል፣ ያወርዳል። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ቀልጦ አለቀ፤ እሱ ግን አንዲት ቀንበጥ አልጣለም። በኋላ ወደ አጥሩ መጣና ማጭዱን ስለቱን በራሱ በኩል ይዞ፣ እጀታውን ወደ እሷ ዘረጋላት።

«እትዬ…» አላት።

ወይዘሮ ትደነቂያለሽ በዕድሜዋ ዛፍ ቆርጣ አታውቅም። ማጭዱን ተቀበለችው። «ድንጋይ አለህ?» አለችው።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ፈልግና ተቀመጥ።»

ከእርከኑ አንዲት ድንጋይ አንከባልሎ አመጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። አሮጊቷ እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ «ወይ አንቺ ልጅ፣ ወይ እንኳየሁዬ» እያለች ከረከመችው። የእሷ ማጭድ እንደ ዳምጤ አይፈጥንም፤ አንዱን ለመጣል ብዙ ትቆያለች። ዳምጤ ጋቢውን ጨምድዶ ይዞ ያችን ዝቅ ያለችውን፣ ቅሉ የተንጠለጠለባትን ይጠብቃል። እንኳየሁ ከሞተች ወዲህ ቅሉን ማንም አላነሣውም ነበር። ሁሉም ወደቀ። ከዚያም ማጭዱ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማ።

«እንግዲህ ዙር» አለችው። «ጨርሻለሁ።»

ሲዞር ዛፏ ራቁቷን፣ ተመልምላ፣ አንሳ ቆማለች። ከጎኗ ግን ያች አንዲት ቅርንጫፍ እንዳለች ናት፤ ቅሉም እንዳለ ነው። ትልቁ ሰውዬ የአሮጊቷን ጉልበት ስሞ አለቀሰ አሉ፤ እሷም ራሱን እያሻሸች፣ «አይዞህ፣ ዕወቀው፣ የራስ ሲሆን እጅ አይታዘዝም» አለችው።

ይኽን መንደሩ አየ። በከርሞው አንድ ሌላ ሰው ለጎረቤቱ ማጭዱን አቀበለ፣ በሚቀጥለው ሌላው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ ይባላል። የዘውገ ኮክ ዛሬ የለችም፣ ኮክ ዕድሜዋ አጭር ነው። የትደነቂያለሽ ድንጋይ ግን ቤቷ በነበረበት ጥግ እስከ ዛሬ አለች፤ መሀሏ ጎድጎድ ብሏል። በየጓሮው ደግሞ ሥርዓት ይዞ ከተከረከመው ኮክ መካከል አንዲት አሮጌ፣ ጠማማ፣ የማትረባ ቅርንጫፍ ሳትነካ ትታያለች። በአንዱ ጓሮ የልጅ ዥዋዥዌ የታሰረባት ናት፤ በሌላው ጓሮ ምን እንደሆነች የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ይችን ተውልኝ ብሎ መናገር ግን ክልክል ነው።

ባለፈው ገና ከቆላ የመጣ አንድ አማች ይኽን ሲያይ ዋለና አላስችለው አለ። አማቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው ከኋላቸው ይከረክማል።

«አባባ፣ የምትቀረውን ነገሩት እንዴ?» አላቸው።

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ እሱ በምን ያውቃታል?»

ሽማግሌው ወደ ዛፉ አልዞሩም። የማጭዱን ድምፅ ጆሯቸውን ሰጥተው ጥቂት አዳመጡና፣ ድምፁ ሲቆም ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

«ጎረቤቴ አይደለም እንዴ?» አሉ።